ሽፍታው እሱ ነው ወይስ እሷ?

ጥፋቱ የእኔ ነው። መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

በወር አንድ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና እየጠጣን የምንጨቃጨቅ አምስት ሰዎች ነን። የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ጥግ፣ አውሮራ ነው። ለስሙ የንባብ ማኅበር እንባላለን፤ ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው ግን መጽሐፉን ያልጨረሰው ሰው ሰበቡን ሲደረድር ነው። ባለፈው ወር የመምረጥ ተራው የእኔ ነበር። እስካሁን ያነበብናቸው ሁሉ ከባድ ከባድ ስለሆኑብኝ፣ እስቲ ደግሞ ቀለል ያለ የፈረንጅ ሽፍታና የፍቅር ታሪክ ይምጣ ብዬ የዜን ግሬይን «የሐምራዊው ሴጅ ፈረሰኞች» ይዤ ቀረብኩ (ሴጅ የዚያ አገር ቁጥቋጦ ነው)። በ1912 የወጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የካውቦይ ልብ ወለድ ሲነሳ ይሄ መጽሐፍ ሳይጠቀስ አይታለፍም። የደራሲው መብት ዘመን ስላለፈበት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ነፃ ነው ስል ማንም አልተቃወመም።

ቀለል ያለ ያልኩት መጽሐፍ ሦስት ሰዓት አጨቃጨቀን።

ላላነበባችሁት ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 1871፣ ቦታው ደቡብ ዩታ፣ ኮተንዉድስ የምትባል የሞርሞኖች፣ ማለትም አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ መንደር። ጄን ዊዘርስቲን የምትባል ሴት ከአባቷ ብዙ ነገር ወርሳለች። ቤት፣ ከብት፣ ፈረስ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ። መንደሩ የሚጠጣው ምንጭ የእሷ ነው። ተል የሚባል የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሊያገባት ይፈልጋል። ሰውዬው ሚስት አጥቶ አይደለም፣ ሚስቶች አሉት፣ እሷን ሊጨምር ነው። እሷ ደግሞ እምቢ ብላለች። በዚያ ላይ ቬንተርስ የሚባል ሞርሞን ያልሆነ ጎረምሳ አስጠግታለች። ሞርሞኖቹ ከእነሱ ውጭ ያለውን ክርስቲያን ሁሉ «ጄንታይል» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ አሕዛብ እንደማለት ነው። እዚህ ቦታ ስንደርስ ከማኅበራችን ጋሼ ሳቁ። «ስልሳ ዓመት ጾሜ ጾሜ እዚያ መንደር ብገባ አሕዛብ ነኝ በሉኛ!»

ተልና ሰዎቹ ቬንተርስን ገርፈው ከአገር ሊያባርሩት ሲሉ፣ ከሩቅ፣ ከሴጁ ሜዳ፣ አንድ ፈረሰኛ ብቅ ይላል። ጥቁር የቆዳ ልብስ ለብሷል። ሁለት ሽጉጥ ዝቅ አድርጎ ታጥቋል። ላሲተር ይባላል። ስሙን ሲሰሙ ሁሉም ክው ይላሉ። ሰውዬው ግን አስቀድሞ የሚያስበው ለፈረሱ ነው፤ ውሃ ላጠጣው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ፈረሱ ደግሞ ዕውር ነው። ጠላቶቹ በጋለ ብረት ዓይኑን አጥፍተውበታል።

ጋሼን መጽሐፉ የያዛቸው እዚህ ላይ ነው። ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ያደጉት ግን አዊ ነው፣ ፈረስ እንደ ሰው በሚከበርበት አገር። እዚያ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶች ጭምር ነው የሚታሰበው። ጋሼ የዕውሩን ፈረስ ገጽ ሁለቴ አነበብኩት አሉ። «ዕውር ፈረስ የማይጥል ሰው መጥፎ ሊሆን አይችልም። ከዚህ በኋላ መቶ ሰው ቢገድል እንኳን አልፈርድበትም» ብለው ቁጭ። ልብ ወለዱን በሙሉ ያነበቡት እንደ ፈረስ መጽሐፍ ነው። ብላክ ስታርና ናይት የሚባሉት የጄን ፈረሶች፣ ራንግል የሚባለው ደግሞ ግዙፉ ቀይ ፈረስ። ቬንተርስ የተሰረቁትን ሁለቱን በራንግል እያሳደደ የሚሮጥበት ምዕራፍ አለ፤ ጋሼ እሱን ሲተርኩልን ስኒያቸውን ረስተው ቡናው በረደ። ከዚያ ራንግል ገደል ገባ። ጋሼ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን።

ሹፌሩ ግን ሌላ ሰው ነው። ጓደኛዬ ነው፣ ትልቁን የጭነት መኪና ይነዳል። አያነብም፣ ያዳምጣል። መጽሐፉንም በጆሮው የጨረሰው ከዴንቨር ላስ ቬጋስ ሲመላለስ ነው። እና የሚገርመው መንገዱ በዚያው በዩታ በኩል ነው የሚያልፈው! ግሪን ሪቨር ከምትባለው ከተማ እስከ ሳላይና ድረስ ከመቶ ማይል በላይ አንድ ነዳጅ ማደያ የለም። ቀይ ድንጋይ፣ ገደል፣ ሰማይ፣ ደግሞ ቀይ ድንጋይ። ቅሬታው ምን ነበር መሰላችሁ? «ሰውዬው አንድ ገደል ለመግለጽ ሃያ ማይል ፈጀብኝ። በመስኮት እያየሁት ነው እኮ! ተኩሱ የት ደረሰ?» ሌላም ነገር አለው። ሴጁ ሐምራዊ አይደለም ይላል። «በየሳምንቱ አየዋለሁ፣ ግራጫ ነው። ደራሲው ዋሽቷል።»

እዚህ ላይ ከሹፌሩ ጋር አልስማማም። ሐምራዊ አበባ ያለው የሴጅ ዓይነት እውነትም አለ። ያ ግራጫው፣ ሜዳውን የሞላው ቁጥቋጦ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላ ቀለም ይለብሳል፤ እሱ በዚያ ሰዓት ፓርኪንግ እየፈለገ ስለሆነ አላየውም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄ ቁጥቋጦ ለእኛ ባዳ አይደለም። የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው፣ ዝርያቸው አንድ ነው። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ ዝናብ ከጣለ በኋላ መንገድ ዳር ቆሜ ሽታው የበዓል ቤት ያስታወሰኝ ለዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ምክንያቱን አላወቅኩም ነበር፣ ናፍቆት ያሳበደኝ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ደራሲው ስለ ሴጁ ገጽ ሙሉ ሲያወራ እኔ አልሰለቸኝም። አሽትቼዋለሁ።

ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር ያቃታት ደግሞ የቤስ ጉዳይ ላይ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ጭምብል ያደረገ አንድ የታወቀ ፈረሰኛ ሽፍታ አለ፣ ኦልድሪንግ የሚባለው የከብት ዘራፊ ቀኝ እጅ ነው እየተባለ የሚወራለት። ቬንተርስ ተኩሶ ይጥለዋል። ጠጋ ብሎ ልብሱን ሲከፍት ሽፍታው ወንድ አይደለም፣ ወጣት ሴት ናት፣ ቤስ ትባላለች። ደንግጦ ተሸክሟት ማንም ወደማያውቀው ሸለቆ ይገባል፤ እዚያም በምንጭ ውሃና በጥንቸል ሥጋ ያድናታል። ነርሷ «እኔ ሆስፒታል ውስጥ ደረቱን የተመታ ሰው ስንት ማሽን ተሰክቶበት ነው የሚተርፈው! ጥንቸል ነው ለካ የጎደለን» አለች። ከዚያ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ፣ ያቺን ሌሊት፣ ሰውየው ትሞታለች ብሎ አጠገቧ ተቀምጦ የሚያነጋበትን ክፍል፣ ሥራ ላይ በዕረፍቷ ሰዓት አንብባ እንዳለቀሰች አመነች። የሌሊት ተረኛ ናት፣ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማንጋት ምን እንደሆነ ታውቃለች።

ከመካከላችን ትንሿ እዚህ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ለእሷ ቤስ የምትባለው ገጸ ባሕርይ ራሷ አልተዋጠችላትም። «ተኩሶ መታት፣ አዳናት፣ አስተማራት፣ አገባት። እሷ መቼ ነው የምትመርጠው?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋሼ «አንቺ ልጅ፣ በዚያ ዘመን ማን መረጠ? እናቴም አልመረጠችም» አሏት። «እሱን እኮ ነው የምልህ ጋሼ!» ብላ መለሰችላቸው። ጋሼ ትንሽ አሰብ አድርገው እንደገና ቡና አስቀዱ።

እኔ ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝን ነገር ማንም አላነሳውም። የጄን ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች ነገር ነው። ያሳደገቻቸው፣ ያበላቻቸው፣ ያለበሰቻቸው ሴቶች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ስላዘዛቸው ይሰልሏታል። በር ሥር ቆመው ያዳምጣሉ፣ ወረቀቷን ይሰርቃሉ። ጄን ታውቃለች። ዝም ትላለች። ጥይት ከሚጮህባቸው ገጾች ሁሉ ይልቅ እዚያች ዝምታ ላይ ነው ጠጉሬ የቆመው። አንድም ሰው ሳይነካት ዙሪያዋን ያራቁቷታል። ከብት ጠባቂዎቿ ይከዷታል። ቀዩን መንጋ ዘራፊዎቹ ይነዱታል፣ ለካ ከቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ጋር በስውር ተስማምተው ነው። ነጩን መንጋ በድንጋጤ እንዲፈረጥጥ ያደርጉታል። እሷ ግን በየምዕራፉ ይቅር ትላለች። ነርሷ «ኧረ ይቺ ሴት ምን ነካት! ሦስት ጊዜ ስልኬን ወረወርኩት» አለች።

እና ጭቅጭቁ የተጀመረው ከዚህ ነው። ሹፌሩ «ለመሆኑ ሽፍታው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «የሽፍታ ታሪክ ብለህ አመጣህ። ኦልድሪንግ ነው? ላሲተር ነው? ያቺ ጭምብል ያደረገችው ናት?»

ቃሉ ራሱ ነው ያምታታን። እንግሊዝኛው «ከሕግ ውጭ የሆነ» ብቻ ነው የሚለው፤ ለምን እንደወጣ አይጠይቅም። የእኛ ሽፍታ ግን አንድ ሰው አይደለም። መንገድ ዘግቶ ነጋዴ የሚገፈውም ሽፍታ ነው። ተበድሎ፣ ዳኛ አጥቶ፣ «ዱር ቤቴ» ያለውም ሽፍታ ነው፤ የኋለኛው ዘፈን ይዘፈንለታል። ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሸፍተው ነው የጀመሩት፣ በ1855 አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ላሲተርን በዚህ ሚዛን ካየነው አልከበደንም። እህቱን ሚሊን ከቤቷ አስኮብልለው ወስደዋታል፤ ዓመታት ሙሉ ሲፈልጋት ኖሮ ያገኘው መቃብሯን ነው። አሁን የሚፈልገው ማን እንዳደረገው ማወቅ ነው። ይሄን ለጋሼ ማስረዳት አያስፈልግም። ደመኛ ፍለጋ ነው፣ አለቀ። ለትንሿ ግን ማስረዳት ነበረብን፤ ካስረዳናት በኋላም ቢሆን «አምስት ሰው መግደል ሚሊን አይመልሳትም» ብላ ጸናች።

ጄንም እንደ ትንሿ ነው የምታስበው። ላሲተር ሰው እንዳይገድል፣ በተለይ የእሷን ሰዎች እንዳይገድል፣ ትጥቁን ልታስፈታው ትነሳለች። በምን? በፍቅር። መጀመሪያ ሆን ብላ ነው የምታባብለው፣ ራሷም ታምናለች። ሹፌሩ ይሄን ሲሰማ «ማታለል ነው» አለ። ነርሷ «ምን ሌላ መሣሪያ ነበራት? ሽጉጡ እሱ ጋ ነው፣ ዳኝነቱ እነሱ ጋ ነው» አለችው። ከዚያ ነው ያቺን ነገር የተናገረችው፣ ይሄን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። «ሽፍታውን ስትፈልጉ ዋላችሁ። የሸፈተው የጄን ልብ ነው እኮ!»

እውነቷን ነው። እኛ ልብ ሸፈተ እንላለን። የሚስት ልብ ይሸፍታል፣ የባል ልብ ይሸፍታል፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ልቡ ጫካ ይገባል። ላሲተር የመጣው ሸፍቶ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያው ነው፣ እንዲያውም እየለዘበ ይሄዳል። ከሕጓ፣ ከአባቷ እምነት፣ ከርስቷ፣ ካደገችበት ሰው ሁሉ ስንዝር በስንዝር እየወጣች የምትሄደው ጄን ናት። እና ይሄ ፍቅር ብቻ አይደለም። ደራሲው አንድ ቀን አስነስቶ አላስኮበለላትም። ከሦስት መቶ ገጽ በሚበልጥ መጽሐፍ ውስጥ ቀስ አድርጎ አሸፍቷታል። ሰዎች የመጽሐፉ ጉድለት የሚሉት፣ ማለትም ይቅርታዋ መብዛቱና ውሳኔዋ መዘግየቱ፣ ለእኔ ጥንካሬው ሆኖ የታየኝ ከዚህ በኋላ ነው። ከማኅበር መውጣት እንዲህ ነው የሚሆነው፤ በአንድ ቀን የወጣ ሰው አላውቅም።

ደግሞ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ሥራ ቦታዬ የዩታ ልጅ የሆነ ሞርሞን ባልደረባ አለኝ። መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያየው ፈገግ አለ፣ ደስ ብሎት ግን አይደለም። በወጣትነቱ አንብቦታል። «ፈረሱና ድንጋዩ የእኛ ነው፤ ሰዎቹ ግን የእኛን አያቶች አይመስሉም» አለኝ። ልክ ነው ብዬ አስባለሁ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሥልጣን ያለው ሞርሞን ወንድ ሁሉ ክፉ ነው። ደራሲው የኦሃዮ ተወላጅ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የጥርስ ሐኪም የነበረ ሰው ነው፤ ምዕራቡን በቅርብ ያየው በ1907 ከአንድ የጎሽ አዳኝ ጋር ተጉዞ ነው። ስለ ድንጋዩ ያየውን ጽፏል፣ ስለ ሰዎቹ ግን በዘመኑ ይባል የነበረውን ነው የደገመው። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ በላይ ማግባትን መተዉን ያወጀው በ1890 ነው፣ መጽሐፉ ከመታተሙ 22 ዓመት በፊት። ለባልደረባዬ የመለስኩለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጄንም ሞርሞን ናት፣ ከሁሉም የምትበልጠውም እሷ ናት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ወደ ተኩሱ ልመለስ፣ ሹፌሩ ካልጻፍኩለት ይቀየመኛል። ላሲተር በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ አለቆች አንዱን፣ ጳጳስ ዳየርን፣ ሊገድል ይነሳል። ጄን ትለምነዋለች፣ እንቢ ብሏት ይሄዳል። አንባቢ ሁሉ የጠበቀው ሰዓት ደረሰ። እና ምን ይሆናል? አናየውም! እኛ ከጄን ጋር ቤት ነው የቀረነው። ጀድኪንስ የሚባል ፈረሰኛዋ ይመጣና የሆነውን ያወራላታል። ሹፌሩ «ሁለት ሳምንት ስጠብቅ ከርሜ ተኩሱን በወሬ ሰማሁት!» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። ለእኔ ግን ትክክለኛው ቦታ እዚያ ነው። ወንዶቹ ሲሄዱ ቤት የቀረ ሰው ጦርነትን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ አንድ አቧራ የጠጣ ሰው መጥቶ ደጃፍ ላይ ሲያወራ። ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄን መጽሐፍ አምስት ጊዜ ፊልም አድርገውታል፣ ከ1918 እስከ 1996። አንዱንም አላየሁም፤ ያቺን ቤት የቀረችውን ሴት ትተው ካሜራውን ከሰውዬው ጋር እንደሚልኩት ስለምጠረጥር ነው።

መጨረሻውን ልነግራችሁ ነው፤ ማንበብ የምትፈልጉ እዚህ ላይ አቁሙ።

ቬንተርስና ቤስ ይሄዳሉ። ጄን ብላክ ስታርንና ናይትን ትሰጣቸዋለች። (ጋሼ፦ «ፈረስ ይሰጣል እንዴ? ልጅ ቢሰጥ ይሻላል!») ላሲተር ቆስሏል። ጄንና ያሳደገቻት ሕፃን ፌይ አብረውት ናቸው። ተልና ሰዎቹ ከኋላ እየደረሱባቸው ነው። ወደዚያ ስውር ሸለቆ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ አናት ላይ አንድ ግዙፍ ድንጋይ ሚዛኑን ጠብቆ ቆሟል፤ የጥንት ሰዎች ጠላት ሲመጣ እንዲንከባለል አድርገው ያዘጋጁት። ከተንከባለለ ከታች ያለውን ሁሉ ይጨፈልቃል፣ መንገዱንም ለዘላለም ይዘጋል። ላሲተር፣ ያ ስሙ የሚያስደነግጠው ሰው፣ ድንጋዩ ላይ እጁን አድርጎ አቃተው። ወኔው ከዳው። «ድንጋዩን አንከባልለው!» ብላ የጮኸችው ጄን ናት። አትግደል ስትል የኖረችው። እወድሃለሁ ያለችውም በዚያው ትንፋሽ ነው።

ነርሷ ጠረጴዛውን መታች። «አላልኳችሁም?»

ትንሿ ግን ደስ አላላትም። ይሄ ነፃነት አይደለም፣ እስር ቤት ነው አለች። ከአንድ ሰውና ከአንዲት ሕፃን ጋር መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ተዘግቶ መቅረት ምኑ ነው ፍቅር? ሹፌሩ ደግሞ ተቃራኒ። «ግብር የለ፣ ስልክ የለ፣ ዲስፓቸር የለ። አሁኑኑ ግቡ በሉኝ።» እኔ መሃል ቀረሁ። አገሩን ትቶ የመጣ ሰው በር ሲዘጋ ድምፁን ያውቀዋል፣ አንዳንዱ እፎይ ይላል፣ አንዳንዱ ማታ ማታ በሩን ይዳብሳል፤ ሁለቱንም ያደረግን አለን።

ሹፌሩ በ1915 የወጣ ተከታይ መጽሐፍ እንዳለና ሸለቆው ውስጥ የገቡት ምን እንደደረሰባቸው እዚያ እንዳለ ሲሰማ ወዲያው ስልኩን አወጣ። ማክሰኞ ጭነት አለው፣ በዚያው መንገድ። ጋሼ እስከዚያ ዝም ብለው ቆይተው ስኒያቸውን አስቀመጡና «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አሉ።

«እሺ ጋሼ።»

«ጨው ከየት ነው የሚያመጡት?»